የፋብሪካ መኪና ከመግዛት አስቀድሞ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ከሚነግዱት ሰዎች መካከል አንድ አሳብ በልባቸው ያደረባቸው ጥቂቶች አይደሉም። ይኸውም እህል ሰብስቦ ወደ ሌላ ገበያ ከመላክ፥ ከአዲስ አበባም ጨርቅና ሸቀጥ አምጥቶ ከመቸርቸር አልፎ፥ በገዛ አገር አንዳች ነገር ሠርቶ መሸጥ ነው። አንዱ የዱቄት ወፍጮ፥ ሌላው የኑግ ዘይት መጭመቂያ፥ ሦስተኛው የእንጨትና የብረታ ብረት ቤት ያልማል። አሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ነጋዴው ምክር ሲጠይቅ ከሁሉ አስቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ቃል «መኪናው ስንት ያወጣል? ከወዴትስ ይመጣል?» የሚል ነው። መኪናውን ማን ያንቀሳቅሰዋል፥ ሥራው በምን ሥርዓት ይመራል፥ የገባውና የወጣውስ በማን እጅ ይጻፋል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው መኪናው ከተተከለ በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ መሆኑን ማስረዳት ነው።

የሦስቱ አገሮች ኑሮ ለማንም ነጋዴ የተሰወረ አይደለም። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከሚታየው ከጉና ተራራ አንሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ቆላ ድረስ፥ ደጋው ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላና ድንች፥ ወይና ደጋው ጤፍ፥ ቆላው ማሽላ ያበቅላል። ዝናም በጎደለ ዓመት ግን ይህ ሁሉ ይሳሳል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጋይንትና በስማዳ ብዙ ቤተ ሰብ በሴፍቲኔት እርዳታ ሲደገፍ የኖረው ስለዚህ ነው። ወጣቱም መኸሩን እየጠበቀ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳል። እንዲህ ባለ አገር አንድ የዘይት መጭመቂያ ቢከስር ጉዳቱ በባለቤቱ ብቻ አይቀርም። ኑጉን ያመጣ የነበረው ገበሬ ገዢ ያጣል፤ ሥራ ያገኙት ዐሥር ወጣቶች ወደ ቆላው ይመለሳሉ፤ ከሁሉም ይልቅ የሚከፋው፥ ይህን ያየ ሌላ ነጋዴ ገንዘቡን ዳግመኛ በፋብሪካ ላይ ለማዋል የማይደፍር መሆኑ ነው።

ይህ አገር የፋብሪካን ነገር ትናንት የሰማ አይደለም። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በሚባለው ቦታ ከመቶ ስድሳ ዓመት ገደማ በፊት መድፍ ይሠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ ለወንጌል አገልግሎት የመጡትን የእጅ ጥበበኞች፥ ዋልድማየርን፥ ዛልሙለርን፥ ቤንደርንና ሌሎችንም በዚያ አስቀምጠው መሣሪያ እንዲሠሩ አዘዙ። ጥበበኞቹ መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም ንጉሡ ምክንያታቸውን አልተቀበሉም። ከብዙ ሙከራና ድካም በኋላ ሴባስቶፖል የተባለው፥ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ የሚሆን ታላቅ መድፍ ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገዱ በጋይንት አልፎ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ተሻገረ። ገደሉ እየተናደ፥ መንገዱ እየተጠረገ ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ። መድፉ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞቱ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ ተቀምጦ ይታያል። የጋፋት ሥራ ግን በዚያው ተቋረጠ።

ይህን ማንሣት የንጉሡን ታላቅ አሳብ ለመንቀፍ አይደለም። ጋፋት የሞተው ከምን የተነሣ እንደ ሆነ መመርመሩ ግን ለነጋዴ ይጠቅማል። ጥበበኛ አልጎደለም፤ ቁርጥ አሳብም አልጎደለም፤ መድፉም ተሠርቷል። ሆኖም ሥራው በአንድ ሰው ፈቃድ የሚነሣና በአንድ ሰው ፈቃድ የሚቆም ነበረ፤ ገዢውም ያው አንድ ሰው ብቻ ነበረ። ሠራተኛው ይሠራ የነበረው ጥቅሙን አይቶ ሳይሆን ትእዛዝ ስለ ከበደበት ነው። ኢትዮጵያውያን ከባዕዳኑ አጠገብ ቆመው ቢያግዙም፥ ባዕዳኑ ሲሄዱ ሥራውን ይዘው የሚቀጥሉበት ሥርዓት አልተደራጀላቸውም። ስለዚህ ባለቤቱ ሲሞት ፋብሪካውም አብሮ ሞተ። ዛሬም ባለቤቱ ለአንድ ወር ሲታመም የሚዘጋ የሥራ ቤት ሲታይ፥ ምንም እንኳ መኪናው አዲስ ቢሆን፥ በአመራሩ የጋፋት ታናሽ ወንድም ነው።

ከጋፋት በስተ ምዕራብ፥ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በዓለም በር አጠገብ፥ ይህን ታሪክ የሚገለብጥ ሌላ ምሳሌ አለ። እርሱም የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ነው። መሥራቹ አቶ ዙምራ ኑሩ የእስቴ ተወላጅ ናቸው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር ማኅበረሰቡን አቋቋሙ። በደርግ ዘመን መጨረሻ ግን ማኅበርተኞቹ ቦታቸውን ለቀው በደቡብ ምዕራብ ወደ ቦንጋ ተሰደዱ። ከመንግሥቱ ለውጥ በኋላ ሲመለሱ የቀድሞ መሬታቸውን አብዛኛውን አጥተው፥ ለሕዝባቸው ቁጥር ከ20 ሄክታር ያነሰ መሬት ብቻ አገኙ። ገበሬ መሬት ሲያጣ ወይ ይለምናል ወይ ይሰደዳል። እነርሱ ግን ወደ ሽመና ዞሩ፤ በኋላም የእህል ወፍጮና ሱቅ ጨመሩ።

አውራ አምባን ያቆመው ምንድን ነው ቢባል፥ ከባሕር ማዶ የመጣ ልዩ መኪና አይደለም፤ ሸማ መሥራት በሰሜን ኢትዮጵያ በየመንደሩ የሚታወቅ ጥበብ ነውና። ልዩነቱ በሥራ ክፍያው ላይ ነው። በአካባቢው ልማድ ሴት ትፈትላለች፥ ወንድ ይሸምናል። በአውራ አምባ ግን ሥራ የሚሰጠው እንደ ችሎታ ስለ ሆነ ሴት በመሸመኛው ላይ ተቀምጣ ትሸምናለች፤ ወንድም ይፈትላል። እንዲህ በመሆኑ ማኅበሩ ሠራተኛ የሚመርጠው ከግማሹ ሕዝብ ሳይሆን ከመላው ሕዝብ ነው። የየሥራውን ዘርፍ የሚመሩት ከማኅበርተኛው መካከል የተመረጡ ኮሚቴዎች ናቸው፤ የዓመቱ ትርፍም ለአባሎች እኩል ይከፈላል። ከሳምንቱ አንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ደግሞ ለአረጋውያንና ለችግረኞች መርጃ ይውላል። የማኅበረሰቡን እምነትና የኑሮ ደንብ መከተል ለማንም ነጋዴ ግዴታ አይደለም። ነገር ግን ማን ምን እንደሚሠራ፥ ማን ለማን እንደሚያስረዳ፥ ትርፉም በምን ደንብ እንደሚከፈል አስቀድሞ የታወቀበት የሥራ ቤት ስደትና የመሬት እጦት ያላጠፋው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በዚያ ቦታ ከተረትነት አልፏል።

አንዳንድ አንባቢ፥ ይህ የአንድ መንደር ነገር ነው፥ ለትልቅ ፋብሪካ አይሆንም ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን ምርመራ በሕንድ አገር ተደርጓል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሙምባይ አካባቢ በሚገኙ የ17 ኩባንያዎች 28 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ላይ ተመራማሪዎች ፈተና አደረጉ። ለከፊሎቹ አማካሪዎች ተልከው የአመራር ዘዴ በነፃ ተማሩ፤ ለሌሎቹ ግን እንዲህ ያለ ሰፊ እርዳታ አልተሰጠም። አዲስ መኪና የተተከለለት ማንም አልነበረም። የተለወጠው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ወለሉ ተጠረገ፤ የተዝረከረከው ክር ተለይቶ ተደረደረ፤ መኪናዎቹ ሳይበላሹ በቀነ ቀጠሮ ተጠገኑ፤ እያንዳንዱ የጨርቅ ጉድለት ከነምክንያቱ በየቀኑ ተጻፈ፤ ኃላፊዎቹም ጽሑፉን ይዘው በየዕለቱ ተመካከሩ። በመጀመሪያው ዓመት የተማሩት ፋብሪካዎች ምርታማነት በ17 ከመቶ አደገ። ባለቤቶቹ ይህን ለምን አስቀድመው እንዳላደረጉት ሲመረመር፥ አንዳንዱ ዘዴውን ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ ሌላው ሰምቶት ለእኔ ፋብሪካ አይጠቅምም ብሎ ትቶት ነበር።

ከዚሁ ምርመራ ሌላም ቁም ነገር ተገኝቷል። የነዚያ ኩባንያዎች ስፋት የተወሰነው በገበያው ብዛት ሳይሆን ባለቤቱ ባሉት ወንድ ዘመዶች ቁጥር ነበር። ባለቤቱ ከወንድሙና ከልጁ በቀር ሌላ ሰው ስለማያምን፥ ዘመድ ባለቀበት ቦታ ፋብሪካውም ማደጉን ያቆማል። ይህ ነገር ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ ላለ ነጋዴ እንግዳ አይመስልም። ዘመድን ማመን የሚነቀፍ አይደለም፤ ነጋዴ በዘመኑ ሁሉ የተረዳዳው በዘመድ ነው። ነገር ግን ባዕድን ማመን የማይቻለው ሰው ሁሉ ሌባ ስለ ሆነ አይደለም፤ የጠፋውን የሚያሳይ መዝገብ ስለሌለ ነው። መዝገብ ባለበት ቤት ግን ዘመድም ባዕድም በሥራው ይመዘናል።

በኢትዮጵያም ይህ መንገድ ተሞክሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት እርዳታ ካይዘን የተባለው የአሠራር ዘዴ በ30 ያህል ፋብሪካዎች ላይ መፈተን ጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ካይዘን በጃፓንኛ መሻሻል ማለት ሲሆን፥ ከመሠረቶቹ አንዱ በአማርኛ «አምስቱ ማዎች» በመባል ታውቋል፤ የማያስፈልገውን ማጣራት፥ የሚያስፈልገውን በየቦታው ማስቀመጥ፥ ማጽዳት፥ ይህንኑም ማላመድና ማዝለቅ። አያቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ ያስተማሩት ትምህርት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ጃፓኖች የጨመሩበት ነገር ቢኖር፥ እንቁላሉ በየቀኑ ምን ያህል እንደ ተራመደ በመዝገብ መጻፋቸው ነው።

ከሳሽ ያለበት ክርክር በሁለት ወገን መሰማት አለበት። ነጋዴው እንዲህ ብሎ ቢመልስ ፍርድ ያለው ክርክር ነው፤ «የሚያደክመኝ የመዝገብ እጦት አይደለም። መብራት ይጠፋል፤ የውጭ ምንዛሪ ይታጣል፤ መለዋወጫ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ሳምንት ይወስዳል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የብዙ ሰው ሀብት ጠፍቷል፤ ከዚያም ወዲህ ክልሉ ከግጭት አላረፈም።» ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ በአመራር ጥበብ ብቻ የሚወገድም አይደለም። የመብራትንና የመንገድን ነገር ከመንግሥት መጠየቅ የነጋዴ ማኅበር ሁሉ ሥራ ነው። ነገር ግን ችግሩ በበዛ መጠን የሥርዓት አስፈላጊነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጥጋበኛ ብክነትን ይችለዋል፤ እጅ ያጠረው ግን አይችለውም።

ነገሩን በቁጥር ለመመልከት አንድ የወፍጮ ቤት በምሳሌ እናስቀምጥ። ወፍጮው በቀን 2000 ብር የሚያስገባ ቢሆንና በወር ሦስት ቀን ቢቆም፥ በዓመት 36 ቀን ይቆማል፤ የታጣውም ገቢ 72000 ብር ነው። ባለቤቱ ለምን ቆመ ተብሎ ቢጠየቅ «መብራት ነዋ!» ይላል። አንድ ደብተር ተገዝቶ ወፍጮው የቆመበት ቀን፥ ሰዓቱና ምክንያቱ ለአንድ ዓመት ቢጻፍ ግን ሌላ ነገር ሊታይ ይችላል። ከ36ቱ ቀን በመብራት ምክንያት የጠፋው 10 ቀን፥ በሠራተኛ መቅረት የጠፋው 6 ቀን፥ የቀረው 20 ቀን ግን ቺንጋ ተበጥሶ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሮ ሌላ እስኪመጣ የተጠበቀበት ነው እንበል። እንግዲህ ባለቤቱ አንድ ትርፍ ቺንጋና አንድ ትርፍ ኩሽኔታ በመደርደሪያ ላይ ባለማስቀመጡ 40000 ብር አጥቷል ማለት ነው። መብራቱን የሚያመጣው ሌላ ነው፤ ቺንጋውን የሚያስቀምጠው ግን እርሱ ራሱ ነው። ደብተሩ የሚጠቅመው ሰው ሊያርመው የሚችለውን ከማይችለው ስለሚለይለት ነው።

ስለዚህ ከንግድ ወደ ሥራ ቤት ለመሻገር ያሰበ ነጋዴ መኪናውን ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገሮች ቢያዘጋጅ ይጠቅመዋል። አንደኛ፥ የቤቱንና የሥራ ቤቱን ኪስ ይለይ። ባለቤቱ ራሱ እንኳ ደመወዙን በወር ቆርጦ ይውሰድ እንጂ ለሠርግ፥ ለተዝካርና ለክርስትና ከመሳቢያው እያነሣ አይውሰድ፤ እንዲህ ካላደረገ ሥራ ቤቱ አትርፎ ይሁን ከስሮ ማወቅ አይችልም። ሁለተኛ፥ የሥራውን ኃላፊ ከመኪናው አስቀድሞ ይቅጠር፤ ኃላፊውም መኪናው ሲመረጥና ሲተከል አብሮ ይቁም። ሥልጣኑም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይታወቅ፤ ሠራተኛ ለሁለት ጌታ ሲታዘዝ ለሁለቱም አይታዘዝምና። ሦስተኛ፥ ስንት እህል ገባ፥ ስንት ዱቄት ወጣ፥ ስንት ተበላሸ፥ መኪናው ስንት ሰዓት ቆመ የሚሉት አራት ጥያቄዎች በየምሽቱ በደብተር ይመለሱ። ከዚህ የበለጠ መዝገብ ለጊዜው አያስፈልግም፤ ከዚህ ያነሰ ግን አይበቃም።

ከሦስቱ በላይ የሆነው ግን የሠራተኛው ነገር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ለማግኘት ያመለከቱ ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎች ኑሮ ተመርምሮ ነበር። ሥራውን ካገኙት መካከል ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ዓመት ሳይሞላቸው የፋብሪካ ሥራቸውን ለቀቁ። ሥራው አድካሚ፥ ለጤናም የሚያሠጋ ሆኖ ሲያገኙት፥ ደመወዙም ከሌላ ቦታ የማይሻል ሲሆን ምን ያቆያቸዋል? ባለ ፋብሪካው ግን በየዓመቱ አዲስ ሰው ማስተማር አለበት። አዲሱ ሠራተኛ የሚያበላሸው ዕቃ፥ የሚሰብረው መኪና፥ ጥበቡን እስኪለምድ የሚያጠፋው ጊዜ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህም ባለቤቱ አያየውም። በደመወዝ ላይ ጥቂት ብር ቆጥቤያለሁ ሲል፥ በማይታየው በር ብዙ ብር ይወጣበታል።

በጋይንትና በስማዳ ወጣት የሚገኝበት ቦታ ሩቅ አይደለም፤ ሩቁ ነገር ወጣቱ የሚቆይበት ምክንያት ነው። በመኸር ጊዜ የአባቱን ገብስ የሚያጭድበት ዕረፍት የሚከለከል ሠራተኛ ሳይሰናበት ይጠፋል፤ ዕረፍቱ ከሥራው ጋር ተስማምቶ በቀጠሮ የሚሰጠው ግን ይመለሳል። ደመወዙ በታወቀ ቀን የሚከፈለው፥ የተሻለ ሲሠራ የሚጨመርለት፥ ሲሳሳት በሰው ፊት የማይሰደበው፥ የመኪናውን ጠባይ ከባለቤቱ ይልቅ አውቆት ሲናገር የሚሰማው ሠራተኛ ወደ ሁመራ ለመውረድ አይቸኩልም። ሴቶች ልጆችም በሥራ ቤት መጥረጊያ ብቻ እንዲይዙ ተወስኖባቸው መቅረት የለበትም። ከእስቴ የተነሡ አንድ ገበሬ በአውራ አምባ ያሳዩትን፥ የእስቴ ነጋዴ በገዛ አገሩ የማይሞክርበት ምክንያት አይገኝም።

የነጋዴዎች ማኅበርና የንግድ ምክር ቤትም በዚህ ረገድ ትንሽ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። በነፋስ መውጫ፥ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ያሉ የሥራ ቤት ባለቤቶች በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብስበው መዝገባቸውን ይዘው ቢወያዩ፥ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይቶ ይማራል። ሁለትና ሦስት ባለ ወፍጮ ተባብረው አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ቢቀጥሩ ደመወዙ ለአንዳቸውም አይከብድም። መለዋወጫ ዕቃም በጋራ ቢከማች ለአንዱ ሰው ውድ የሆነው ለብዙዎች ርካሽ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሏልና።

መኪና ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ ምንዛሪ፥ ፈቃድና ጭነት ይፈልጋል። የሥራ መዝገብ ለመክፈት ግን ምንዛሪም ፈቃድም አያስፈልግም። ዛሬ ሱቅ ብቻ ያለው ነጋዴ እንኳ ነገ ጧት ሱቁን ሲከፍት የገባውንና የወጣውን፥ የተበላሸውንና የቀረውን መጻፍ ሊጀምር ይችላል። ይህን ለአንድ ዓመት ያህል ሳያቋርጥ ያደረገ ሰው መኪና መግዛት እንደሚገባው ወይም እንደማይገባው የሚነግረው ሌላ አማካሪ አያሻውም፤ ደብተሩ ይነግረዋል። የገዛው እንደ ሆነም መኪናው የሚመጣው ሥርዓት ወዳለበት ቤት ነው፤ ባለቤቱ ቢታመም ወይም ወደ ሩቅ አገር ቢሄድ እንኳ ሥራው አይቆምም።